ካንዴላው ሲጠቁር ምን ይቀየር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ያገለገለ ያማሃ ባንሺ 350 (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ገዛሁ። የበፊቱ ባለቤት የፋብሪካውን ማርሚታ አውጥቶ የእሽቅድምድም ማርሚታ ገጥሞለታል። የአየር ፊልተሮቹም ያለ ሳጥን ቀጥታ ካርቡራተሮቹ ላይ የተሰኩ ናቸው። እዚህ ስነዳው ሙሉ ጋዝ ላይ ይንተፋተፋል፣ ጭሱ ብዙ ነው፣ ካንዴላዎቹ በሁለት ቀን ጠቁረው ይረጥባሉ። አንድ ጓደኛዬ "ካንዴላውን ከ8 ወደ 7 ቀይረው፣ ይጸዳልሃል" ብሎኛል። ለታንክስጊቪንግ ካሊፎርኒያ፣ ግላሚስ አሸዋ ላይ ልንነዳ ነው። በ7 ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በ7 እንዳትሄድ። ጓደኛህ ለመልካም ብሎ ነው፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል፤ ግን ግላሚስ ላይ ሞተርህን ያሳጣሃል።

ካርቡራተሮቹን ከፍተህ ጄቶቹ ላይ፣ ማለትም ቤንዚኑ በቀዳዳቸው የሚያልፍባቸው ትንንሽ ብሎኖች ላይ፣ የተጻፈውን ቁጥር አይተሃል? ካላየህ ሌላውን ሁሉ ተወውና ከዚህ ጀምር። ባንሺ ከፋብሪካ ሲወጣ ዋናው ጄት 200፣ ሚኒሞ ላይ የምትሠራው ትንሿ ደግሞ 25 ናት። ያንተ ማርሚታውም ፊልተሩም ስለተቀየረ አየር በብዛት ይስባል፣ 200 አይበቃውም፤ 280 ወይ 300 የሚል ብታገኝ አይግረምህ። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቤንዚኑም ይበዛል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። አውሮራ ከባህር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ጄቱ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን ይለቃል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተስተካከለ ሞተር ወደ እናንተ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የነገርከኝ ምልክት በሙሉ ይሄው ነው። የበፊቱ ባለቤት ሞተሩን ከቆላ አምጥቶት ከሆነ ደግሞ አሁን ውስጡ ያለው ጄት ግላሚስ ላይ የሚያስፈልግህ ራሱ ሊሆን ይችላል። ግላሚስ ከ150 ሜትር በታች ነው። እና ጄቱን ስታወጣ እንዳትጥለው፤ ቁጥሩን ጽፈህ በትንሽ ላስቲክ አስቀምጠው። ለቤትህ ከዚያ ሁለት ሦስት ደረጃ ዝቅ ያለ ግዛ፣ ለአሸዋው የድሮውን መልስ። ከመግጠምህ በፊት ግን ፊልተሩ እንዳልቆሸሸና ቾኩ በደንብ እንደሚዘጋ እይ፤ እነሱም ካንዴላ ያጠቁራሉ።

ስለ 7 ካንዴላው ላስረዳህ። 7 እና 8 የምትሉት ኤንጂኬ የሚባለው የካንዴላ ፋብሪካ ቁጥር ነው፤ ሙቀትን የማስወጣት አቅሙን ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ሲበዛ ቶሎ ወደ ቴስታታው ያሳልፈዋል። አንድ ቁጥር ብትቀይር የጫፉ ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለወጣል። ብልጭታው አይጠነክርም፣ የሚገባው ቤንዚንም በአንዲት ጠብታ አይቀንስም። ጫፉ በጣም ሲግል ጥላሸቱን ያቃጥለዋል፣ አንተም የተስተካከለ ይመስልሃል። ከዚያ ግላሚስ ወርደህ፣ በወፍራም አየር፣ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ፣ ረጅም አቀበት በሙሉ ጋዝ ስትወጣ ያ ጫፍ እንደ ፍም ቀልቶ ብልጭታው ሳይመጣ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል።

እኔ ይህን በራሴ ፒስተን አይቼዋለሁ። አናቱ ላይ፣ በጭስ መውጫው በኩል፣ ሽምብራ የሚያክል ቀዳዳ ነበረው። ዳሩ የተሰበረ አይመስልም፣ እንደ ሻማ ሰም ቀልጦ ነው የወረደው። ጎኑ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተፋፍቋል፣ ፋሻዎቹ ቦታቸው ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። ካንዴላው ላይ ደቃቅ፣ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ነጥቦች ነበሩ። እነዚህን ነጥቦች ካየህ ሞተሩን ዳግም አታስነሳው።

ስለዚህ 8 ላይ ቆይ። የባንሺ ፋብሪካ የሚለው ቢአር8ኢኤስ ነው፣ ክፍተቱም ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር። መስተካከል ያለበት ጄቱ ነው፣ ያም ከትልቅ ጀምሮ ወደ ታች። ግላሚስ እንደደረስክ ትልቁን ዋና ጄት ግጠም፣ ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ አዲስ ካንዴላ ክተት። ሰው የሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ንዳው፤ ከዚያ ጋዙን ሳትለቅ ፍሪሲዮን ይዘህ እዚያው አጥፋው። ጋዙን ቀንሰህ እየተንፏቀቅክ ከተመለስክ የምታነበው የሚኒሞውን ቀለም ነው። ካንዴላውን ፍታና ነጩን ሸክላ ወደ ውስጥ፣ ከሥሩ ተመልከት፤ የእጅ ባትሪና ማጉያ መነጽር ያስፈልግሃል። ከሥሩ ቡናማ ቀለበት ካለ ጥሩ ነው። ጨርሶ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጄቱን አሳድግ። እስካሁን የሚንተፋተፍ ከሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ቀንስና ድገመው። መንተፋተፉ ጠፍቶ ሞተሩ ጥርት ሲል አቁም፤ ከዚያ በላይ እንዳትቀንስ።

ዋናው ጄት የሚያዘው ከሦስት አራተኛ ጋዝ በላይ ነው። መሃል ላይ የሚያስቸግርህ ከሆነ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን መርፌ ከፍ ወይ ዝቅ አድርግ፤ ከፍ ሲል ቤንዚን ይጨምራል።

ባንሺ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር አለው፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ሁለቱን ካንዴላ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ነጭ ከሆነ ጄት መቀየሩን ተወው። በነጩ በኩል ወይ ጄቱ ተደፍኗል ወይ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፦ የካርቡራተሩ ጎማ ተሰንጥቆ፣ ሁለቱን መግቢያዎች የሚያገናኘው ቱቦ ለቅቆ፣ ወይም የክራንኩ "ሲል" (አየር የሚከለክለው ጎማ) አልቆ። ቀዳዳውን ሳትደፍን ትልቅ ጄት ብትገጥም ችግሩን ሸፈንከው እንጂ አልፈታኸውም።

ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ የምትቀላቅል ከሆነ ደግሞ መጠኑን አትለዋውጥ። "ዘይት ልጨምርለት፣ ይጠብቀዋል" የሚል ሰው ብዙ ነው። በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ ግን ያው ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይበልጥ ይደርቃል። 32 ለ 1 ብለህ ከጀመርክ ለ5 ጋሎን ቤንዚን 20 አውንስ ዘይት ነው፣ ሁልጊዜም በመለኪያ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው ያለሁት። ያማሃ ብላስተር 200 አለኝ። ኢሪዲየም ካንዴላ ብገጥም ጄት መቀየሩ ይቀርልኛል? ሱቁ ውስጥ ሻምፒዮን የሚባል ካንዴላም አለ፣ ለዚህ ሙቀት ትልቁን ቁጥር ልውሰድ?

መልስ፦ ኢሪዲየም ጫፉ ቀጭን ስለሆነ በአነስተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ ይሰጣል፣ ቶሎም አይጠቁርም። ጥሩ ካንዴላ ነው፣ ግን ጄትን አይተካም። ጄት እስክታስተካክል በተራው ሞክር፤ ርካሽ ነው፣ ደጋግመህም ትቀይረዋለህ።

ሻምፒዮን ላይ በጣም ተጠንቀቅ፤ አቆጣጠሩ የኤንጂኬ ተቃራኒ ነው። ሻምፒዮን ላይ ትልቅ ቁጥር ማለት የበለጠ የሚግል ማለት ነው፣ ቦሽም እንደዚያው። ዴንሶ እንደ ኤንጂኬ ነው። ሻጩ በቁጥር ብቻ ሊሰጥህ ከፈለገ እሺ አትበለው፤ የኤንጂኬ 8 አቻ የትኛው እንደሆነ ከሰንጠረዡ አሳየኝ በለው።

ያንተ ሞተር ውሃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሐምሌ ላይ በ45 ዲግሪ ያስተካከልከው ጄት ጥር ላይ፣ ጠዋት 12 ዲግሪ ሲሆን ቤንዚን ያንስበታል፤ ቀዝቃዛው አየር ከሐምሌው በ10 በመቶ ያህል ይወፍራልና። ብርዱ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ከመውጣትህ በፊት፣ ዋናውን ጄት አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው።