አንዱ ክንፉ አልዘጋም ያለው መላጫ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂው፣ አባታቸውና የ13 ዓመት ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የጺም መላጫ ያድሳሉ። አሁን ያስቸገራቸው ከአያት የቀረ ጂሌት ሱፐር ስፒድ ነው፤ እጀታው ግርጌ ያለው ቁልፍ ሲዞር ከላይ ሁለት ክንፍ የሚከፍተው ዓይነት። አንዱ ክንፍ ጥሩ ይዘጋል። ሌላው ግማሽ ላይ ይቆማል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይደርቃል። ከዚህ በፊት አንድ ጠጋኝ በፒንሳ ታግሎት፣ የብር ቀለም ስፕሬይ ነፍቶበት መልሶታል። "ክንፉ ተጣሞ ይሆን? ላቃናው?" ይላሉ።

ኧረ አያቃኑት! የሙቅ ውሃዋ ነገር ለእኔ በቂዬ ናት። የተጣመመ ብረት ሙቅ ውሃ አይቶ አይላላም። የደረቀ ሳሙና ግን ይላላል። የስፌት መኪናና ሰዓት ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ሞቅ ሲል የሚታዘዝ ማጠፊያ ሁልጊዜ ቆሻሻ እንጂ ስብራት የለበትም።

ከሁሉ በፊት ምላጩን ያውጡ። ወጥቷል ብለው አይመኑ፤ ክንፉ ሥር የተሰበረ ቁራጭ ተሸጉጦ እንደሆነ በባትሪ ይዩ። ልጁ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ስለ ሳሙና ትንሽ ላውራ፤ ይቺን ነገር ስለምወዳት ታገሱኝ። የድሬን ውሃ የሚያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ዋናው ካልሲየም ነው። ሳሙና ደግሞ ከስብ የተሠራ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ካልሲየሙ ስቡን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ውሃ የማያሟሟው ነጭ ሙጫ ይወጣል። ሳሙና አረፋ አልሰጥም የሚለውም፣ ገንዳው ዙሪያ ያ ቀለበት የሚቀረውም ለዚሁ ነው። መላጫው ማጠፊያ ውስጥ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ሲገባ አስቡት። በደረቅ ሳሙናና በቧንቧ ውሃ ብታሹት ታዲያ እያጠባችሁት አይደለም፤ እየቀለባችሁት ነው። አቼቶ ካልሲየሙን ያላቅቀዋል፣ ስቡ ይቀራል። ስቡን ደግሞ ሙቅ ውሃና ላርጎ ያነሳዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አቼቶ፣ ከዚያ ላርጎ።

ግን ከሁሉ በፊት ያ የስፕሬይ ቀለም መነሳት አለበት። ሰው ምን ነክቶት ነው ማጠፊያ ላይ ቀለም የሚነፋው? በአሴቶንና በጥጥ ይጥረጉት፤ ከሰልና ክብሪት አጠገቡ አይድረስ። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ አይለፍ። ውስጡ ናስ፣ ላዩ ስስ ኒኬል ነው፤ ኒኬሉ የተላጠበት ቦታ ካለ አቼቶ ናሱን ይበላዋል። ለቅለቅ አድርገው ላርጎ ባለው ሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይንከሩት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በስቴኪኒ ማጠፊያዎቹን ይጎርጉሩ። በረኪና አይሞከርም። የድስት ሽቦና የብርጭቆ ወረቀትም ኒኬሉን ገፍፈው ቢጫውን ያወጡታል።

ሲደርቅ ቁልፉ አንገት ላይ አንድ ጠብታ የሲንጀር ዘይት። በእጅ ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ። ፒንሳ የለም! ያኛው የፒንሳ ጥርስ የተወው ጠባሳ ግን ከእንግዲህ አይለቅም።

ለልጁ ሥራ ልስጠው፦ የመላጫውን ጭንቅላት ገልብጦ ሥሩ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ይፈልግ። ጂሌት ከ1951 ጀምሮ ዓመቱን በፊደል፣ ሩብ ዓመቱን በቁጥር ይመታ ነበር። "ሲ" (C) እና 2 ካገኘ፣ የ1957 ሁለተኛ ሩብ ነው፤ በእኛ 1949 መጨረሻ አካባቢ።

አዲስ ርካሽ መላጫ ገዝቶ ከእሱ መለዋወጫ ለማውጣት የሚያስብ ካለ ይተወው። አብዛኛው ከቀለጠ ዚንክ የተሠራ ነው፤ የብሎኑ ጥርስ አንዴ ጠበቅ ሲደረግ ቅንጥስ ይላል። አዲስ አበባ ሲሄዱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ብሎ ሌላ አሮጌ መፈለግ ይሻላል።

ክንፎቹ እኩል ሲዘጉ አዲስ ምላጭ ያስገቡ፤ በሁለቱም በኩል እኩል መውጣቱን በዓይን ይዩ፣ በጣት አይዳስሱ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከማስቀመጣችሁ በፊት ደግሞ ምላጩን መልሳችሁ አውጡ። ያገለገለው ምላጭ ክዳኑ ተበስቶ በተዘጋ የወተት ጣሳ ውስጥ ይግባ፤ ቆሻሻ የሚያነሳውም ሰው እጅ አለው።