አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

«ሁሉም ሰው ሊሰማው ይገባል የምትሉት አልበም የቱ ነው?» ብለን አንባቢዎቻችንን ጠይቀን ነበር። ጥቆማው ሲመጣ ጥያቄም ይዞ መጣ፤ የትኛው ዕትም ይሻላል፣ ምኑን ልስማ፣ ለምን ይቆራረጥብኛል የሚሉ ደብዳቤዎች በዙ። ዛሬ የምንመልሰው እነዚህን ነው። አቋማችን ከወዲሁ ይታወቅ፦ አልበም በተሠራበት ቅደም ተከተልና በትክክለኛው ዕትም ካልተደመጠ የጥቆማው ግማሽ ይባክናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ዘፈን የምሰማው ነጠላ ነጠላውን እየመረጥኩ ነው። ሙሉ አልበም በአንድ መቀመጫ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ብቻ ምረጡልኝ ብላችሁ የትኛውን ትሰጡኛላችሁ?

መልስ፦ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የማርቪን ጌይን «ዋትስ ጎዪንግ ኦን»ን። በግንቦት 1971 የወጣ ሲሆን ዘጠኝ ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱም 35 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለጀማሪ አይከብድም። ከቬትናም ጦርነት ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር ያገኘውን ሁሉ ይነግረናል፦ ሥራ አጥነቱን፣ ዕፁን፣ የተበከለውን አየር፣ የሕፃናቱን ዕጣ። የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ስድስት ዘፈኖች እርስ በርስ ተያይዘው ይፈስሳሉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። የመክፈቻው ዜማ በመጨረሻው ዘፈን መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ መሐል ላይ ዘፈን የዘለለ ሰው ግን ይህ መመለስ ምንም አይለውም።

ሦስት ጊዜ ያድምጡት። በመጀመሪያው ድምፁን ብቻ ይከተሉ። በብዙ ቦታ ማርቪን ጌይ ከራሱ ጋር ይዘፍናል፤ ሁለት ቅጂዎች አንድ ላይ እንዲሄዱ ተደርጓል፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። በሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የጄምስ ጄመርሰንን ቤዝ ጊታር ብቻ ይያዙ። ዘፋኙ ዝም ሲል ቤዙ ይናገራል፣ ዘፋኙ ሲመለስ ቤዙ ቦታ ይለቃል። በሦስተኛው ቫዮሊኖቹንና በእጅ የሚመታውን ከበሮ፣ ኮንጋውን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዝ አያወጣም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ያለ ምንም መጫን ሲመታ 41 ኸርትዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ነው፤ ትንሿ የስልክ ስፒከር እዚያ አካባቢ ያለውን ድምፅ ፈጽሞ አትደርስበትም። ይህን አልበም በስልክ ስፒከር የሰማ ሰው ግማሹን አልሰማውም። ርካሽም ቢሆን ጆሮን በደንብ የሚገጥም ማዳመጫ ይጠቀሙ።

ከወደዱት ቀጥሎ የስቲቪ ወንደርን «ሶንግስ ኢን ዘ ኪ ኦፍ ላይፍ» (1976) ይያዙ፤ ግን በአንድ ቀን አይጨርሱት። ሁለት ሸክላዎችና አራት ዘፈኖች የያዘች ተጨማሪ ትንሽ ሸክላ ሆኖ ነው የወጣው፤ ሲደመር 21 ዘፈን ነው። በአንድ ቁጭታ አንዱን ገጽ ብቻ።

ጥያቄ፦ የማይልስ ዴቪስን የጃዝ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን የማይመክር የለም። ደጋግሜ ሞከርኩት። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይመስለኛል፤ ዜማው የት እንዳለም አይገባኝም። እኔ ነኝ ወይስ አልበሙ?

መልስ፦ ችግሩ የመያዣ ነጥብ ማጣት ነው፤ ያ ደግሞ በአንድ ቀን ይፈታል። የመጀመሪያውን ሥራ «ሶ ዋት»ን ይውሰዱ። ፒያኖና ቤዝ በዝግታ ይከፍቱታል፤ ከዚያ ዋናውን ዜማ የሚጫወተው ቤዙ ነው። ቤዙ አንድ ሐረግ ይላል፣ ሌሎቹ በሁለት አጫጭር ኮርዶች (በአንድነት በሚሰሙ ድምፆች) ይመልሱለታል። ያቺ የሁለት ኮርድ መልስ መያዣዎ ናት።

አሁን ይቁጠሩ። 1-2-3-4 ሲሉ አንድ ባር ነው። ስምንት ባር፣ እንደገና ስምንት ባር፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ላይ፣ «ሬ ዶሪያን» በሚባለው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ አጠገብ እስካለው ቁልፍ) ከፍ ይላሉ፤ ይህም ስምንት ባር ይቆያል። በመጨረሻው ስምንት ባር ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ድምሩ 32 ባር፣ አንድ ዙር፣ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ የሚቀረው። የሚመጣው ሶሎ (የአንድ ተጫዋች ተራ) ሁሉ በዚሁ ዙር ላይ ነው የተሠራው፦ ማይልስ ዴቪስ በትራምፔት ሁለት ዙር፣ ጆን ኮልትሬን በቴነር ሳክስፎን ሁለት፣ ካነንቦል አደርሊ በአልቶ ሳክስፎን ሁለት፣ ቢል ኢቫንስ በፒያኖ አንድ። ያቺን ግማሽ ድምፅ ከፍ የምትልበትን ቦታ አንዴ ጆሮዎ ከያዛት «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ስሜት ይጠፋል፤ አራቱ ሰዎች በዚያች በር እንዴት እንደሚገቡ ማነጻጸር ይጀምራሉና። ማይልስ ጥቂት ኖታ መርጦ በመሐሉ ዝምታ ይተዋል። ኮልትሬን ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል። ካነንቦል የብሉዝ ፈገግታ አለው።

የቀሩት አራቱ ከዚህ በኋላ ይቀላሉ። «ፍሬዲ ፍሪሎደር» የተለመደው ባለ 12 ባር ብሉዝ ነው፤ ፒያኖ ላይ የተቀመጠው ዊንተን ኬሊ ስለሆነ አጨዋወቱ ይበልጥ ይዘልላል። በመጨረሻው «ፍላሜንኮ ስኬችስ» ደግሞ የተጻፈ ዜማ ጭራሽ የለም፤ አምስት ስኬሎች አሉ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዱ ላይ የፈለገውን ያህል ቆይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እሱን ለመጨረሻ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የሳክስፎን ተማሪ ነኝ። ከዚሁ አልበም ጋር አብሬ ስጫወት የመጀመሪያው ገጽ ከመሣሪያዬ ጋር አይገጥምም፣ ሁለተኛው ግን ይገጥማል። መሣሪያዬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ መሣሪያዎ ደኅና ነው። አልበሙ የተቀረጸው በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በኮሎምቢያ የ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ በሁለት ቀን ነው፦ መጋቢት 2 ሦስቱ የመጀመሪያ ሥራዎች፣ ሚያዝያ 22 ሁለቱ የቀሩት። በመጀመሪያው ቀን ዋናው መቅረጫ ማሽን ከሚገባው ትንሽ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ቀስ ብሎ የተቀረጸ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለዓመታት በታተሙት ሸክላዎች ላይ የመጀመሪያው ገጽ ከግማሽ ድምፅ ባነሰ መጠን ከፍ ያለ ነው፤ ይህን ሳያውቁ አብረው የተለማመዱ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው። በ1992 በወጣው ዕትም ላይ በትክክል ይዞር ከነበረው ተጠባባቂ ማሽን ቴፕ ተወስዶ ተስተካከለ። የድምፅ ከፍታ መለኪያዎን (ቱነር) ላ = 440 ኸርትዝ ላይ አድርገው የ«ሶ ዋት»ን ቤዝ ይለኩ፤ መርፌው ያለማቋረጥ ወደ ላይ ካጋደለ የያዙት የድሮውን ቅጂ ነው። የተስተካከለውን ይፈልጉ፤ የአፍ መያዣዎን አይግፉ።

ጥያቄ፦ የሮክ ባንዱን የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ስሰማ በየዘፈኑ መሐል ጭልጥ ያለ ዝምታ ይገባና ስሜቱን ይቆርጠዋል። አንዳንዱ ዘፈንም ያለ ምክንያት ይጮሃል። ፋይሉ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ፋይሉም ማጫወቻውም ሊሆን ይችላል። ይህ የ1973 አልበም በልብ ትርታ ተከፍቶ በልብ ትርታ ይዘጋል፤ በተፈጥሮው የሚቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ሸክላው በሚገለበጥበት በአምስተኛውና በስድስተኛው ሥራ መሐል። ሌላ ቦታ ዝምታ ከሰሙ ስህተት አለ።

ፋይልዎ ኤምፒ3 ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኤምፒ3 ድምፅን በ1,152 ናሙና (ዲጂታል ድምፅ የሚገነባባቸው ጥቃቅን ልኬቶች) እየቆራረጠ ነው የሚያሽገው፤ ይህም በሲዲ ደረጃ 26 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ዘፈኑ በዚህ ልክ እኩል ስለማይከፈል ትርፉ በባዶ ይሞላል፤ በመጀመሪያውም ላይ ጥቂት ባዶ ይጨመራል። ማጫወቻዎ ይህን ባዶ የሚያነሳ «ጋፕለስ» የሚል ምርጫ ካለው ያብሩት፤ ከሌለው ፍላክ ፋይል ይጠቀሙ፤ እሱ ናሙና አይጨምርም አይቀንስም። ራስዎ ሲዲ ሲያቃጥሉ ደግሞ «ዲስክ አት ዋንስ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ትራክ አት ዋንስ» ካሉ በየመሐሉ ሁለት ሰከንድ ያስገባል።

መተግበሪያው ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ። ሸፍል (ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀው) ይጥፋ። ክሮስፌድ 0 ሰከንድ ላይ ይሁን፤ አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ የሚደርበው እሱ ነው። የድምፅ ማመጣጠኛው እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻ የሚያመጣጥን ከሆነ ሆን ተብሎ ቀስ ተደርጎ የተሠራውን ያስጮኸዋል፤ የጩኸቱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። «በአልበም» የሚል ምርጫ ካለ እሱን፣ ከሌለ ማመጣጠኛውን አጥፉት።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ጭራሽ ለማያውቅ ሰው በየትኛው አልበም ላስጀምረው? የ«ኢትዮፒክስ» ቅጾች ብዛታቸው ግራ አጋባኝ።

መልስ፦ ግራ የሚያጋባው አብዛኞቹ ቅጾች አልበም ስላልሆኑ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ አብዛኛው ሥራ የሚወጣው ሁለት ዘፈን በምትይዝ ትንሽ ሸክላ ነበር፤ አምኃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምኃ ሪከርድስም ብዙውን ያወጣው እንዲያ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳዩ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ በኩል እነዚህን እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» ብሎ አሳተመ። ስለዚህ ቅጾቹ ትልቅ ውለታ ቢሆኑም እንደ አንድ አልበም ታስበው የተሠሩ አይደሉም።

ለጀማሪ የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይስጡት። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሰባት ሥራ፣ ሁሉም በመሣሪያ። ቫይብራፎኑ (የብረት ቁልፎቹ በመምቻ የሚመቱት መሣሪያ)፣ ፍሉቱና ኮንጋው ለውጭ ጆሮ አዲስ አይደሉም፤ አዲሱ ቅኝቱ ነው፣ እሱም ያለ ቃል ስለሚመጣ ቶሎ ይገባል። ቀጥሎ የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»፤ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተሠርቶ ካይፋ ሪከርድስ ያወጣው፣ በ1986 በቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ በኩል ወደ አውሮፓ የተሻገረው። እንግዳው በምቱ ከተቸገረ ስድስቱን ፈጣን ምት ሁለት ጊዜ በሦስት ሦስት፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ በሁለት ሁለት እንዲቆጥር ይንገሩት። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ጨዋታው ያለው በሁለቱ መሐል ነው። ኦርጋን የሚወድ ከሆነ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 የሠራውን «ቼ በለው» ይጨምሩለት።

ቅኝትን ለማስተዋወቅ ፒያኖ በቂ ነው። ከዶ ተነስተው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቢጫወቱ ትዝታ ሜጀር ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት አምባሰል ነው («ፍላት» ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። ይህን በጣት ካሳዩት በኋላ የእመሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች፣ ቅጽ 21ን፣ ያሰሙት። እመሆይ ምቱን እንደ ትንፋሽ ይስቡታል፣ ይለቁታል፤ እንዲቆጥር አያስገድዱት።

የዓለሙ አጋን በገና (ቅጽ 11) ለመጨረሻ ያቆዩ፤ ከሁሉም የምናከብረው እሱን ነው። አሥሩ ጅማቶች የሚሰጡት ዝቅተኛ ድምፅ ላይ የሚሰማው ንዝረት በጅማቱና በድልድዩ መሐል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው። የማያውቅ ሰው ስፒከሩ የተቀደደ መስሎት ድምፁን ይቀንሳል፤ አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የአሜሪካውን ባንድ የቢች ቦይስን «ፔት ሳውንድስ» በሞኖ ልስማው ወይስ በስቴሪዮ?

መልስ፦ መጀመሪያ በሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ)። የባንዱ መሪ ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው የመስማት ችግር ስለነበረበት በ1966 ያዋሐደው በሞኖ ነው። እውነተኛው ስቴሪዮ የመጣው በ1997 ነው፤ የድምፅ ቅንብሩን ዘርዝሮ ለመማር ጥሩ ነው። «ዱዎፎኒክ» የሚል የተጻፈበትን የድሮ ሸክላ ይተዉት፤ ሞኖውን በዘዴ ከፍለው ስቴሪዮ ያስመሰሉት ነው።

ጥያቄ፦ የምወደው አልበም ያለኝ በካሴት ብቻ ነው። ድምፁ ታፍኗል። ወደ ኮምፒውተር ከማዛወሬ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ ከካሴቱ ይልቅ ከማጫወቻው ሊሆን ይችላል። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥጥ ነክረው ቴፑን የሚያነበውን ክፍል (ሄድ) እና ቴፑን የምትስበውን የብረት ዘንግ ይጥረጉ፤ የጎማ ጥቅልሏን ግን በለስላሳ ሳሙና ውሃ፣ አልኮል ጎማ ያደርቃልና። ዶልቢ (የቴፕ ሹክሹክታ መቀነሻው) በርቶ ከሆነና ካሴቱ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ከሆነ ያጥፉት። ካሴቱ ውስጥ ቴፑን ከጀርባ የምትደግፈው ትንሽ ጨርቅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ እየሄደ ይመጣል፤ ከሌላ ካሴት ወስደው ይተኩ።

እነዚህ ሁሉ ካልረዱ ሄዱ ተንጋዶ ይሆናል። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን የነበረችበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ በሞኖ እየሰሙ ከአንድ ስምንተኛ ዙር ባልበለጠ ያንቀሳቅሷት፤ የሲንባሉ ድምፅ በጣም ጥርት ያለበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ለዚያ ካሴት ትክክል የሆነው ለሌላው ላይሆን ስለሚችል ሲጨርሱ ወደ ምልክቱ ይመልሷት። ከመቅዳትዎ በፊት ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ያጠንጥኑ። በ24 ቢት ይቅዱ፣ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ«-6 ዴሲቤል» አይለፍ። ፋይሉን በየዘፈኑ ከመቁረጥዎ በፊት «ሀ» እና «ለ» ገጽን ሳይነኩ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ።