ከክረምት የተረፉ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቻችሁ ከሐምሌ ጀምረው ተጠራቅመዋል። ሰበቤ ከእናንተ ሰበብ አይለይም። ሐምሌን ከጓሮ ጭቃ ጋር ስታገል፣ ነሐሴን በጾምና በእንግዳ ሳሳልፍ ከርሜ ቀና ስል የጎንደር ዙሪያ ተራሮች አደይ አበባ ለብሰው አገኘኋቸው። ስለዚህ ዛሬ የምንጨርሰው ውዝፉን ነው።

አዘዞ ነው የምኖረው። ሰኔ ላይ የተከልሁት ቲማቲም ፍሬ መያዝ ሲጀምር ቅጠሉ እየጠቆረ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ጎረቤቴ «ዓይን በልቶት ነው» ትላለች። ምን አጥፍቼ ነው?

ጎረቤትሽን አታስቀይሚያት፤ ዓይን ግን አይደለም። ይህ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙለት የሚነሳ፣ ቲማቲምንና ድንችን አንድ ላይ የሚጨርስ በሽታ ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ያው ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጠሽ ብታዪው ኖሮ፣ በጠቆረው ጠርዝ ዙሪያ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ታገኚ ነበር። እኔ ያንን ነጭ ነገር ዘንድሮ በድንቼ ላይ አይቼ «ነገ እነቅለዋለሁ» አልሁ። ዝናቡ ግን ሦስት ቀን ሳያባራ ቀረ፤ በአራተኛው ቀን ከመደቡ ላይ የቆመ አረንጓዴ ነገር አልነበረም። በነፋስና በዝናብ ጠብታ ስለሚዛመት አንድ ቀን ማሳደር ብዙ ያስከፍላል።

አሁን የደረቀውን ግንድ ሁሉ ነቅለሽ አቃጥይው፤ የፍግ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትጨምሪው። በዚያ መደብ ላይ ዘንድሮ ቲማቲምም ድንችም አትመልሺ፤ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጎመን ይሁንበት። ቲማቲሙን ጥቅምት ላይ በሌላ ቦታ ትከይ፤ አራርቀሽ፣ በእንጨት ደግፈሽ፣ መሬት የሚነካውን የታች ቅጠል ቀንጥሰሽ። ውሃውን ከሥሩ አጠጪ እንጂ ከላይ አታርከፍክፊ። ክረምት ላይ ቲማቲም ካላበቀልሁ የምትይ ከሆነ ግን ከላይ ላስቲክ ልታለብሺው ነው፤ እኔ ብሆን ሰኔን ለጎመንና ለቆስጣ እተወው ነበር።

ጤና አዳሜ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን እያራገፈ ነው። ማዳበሪያ ልጨምርለት?

ማዳበሪያ አይደለም የጎደለው። የማራኪ አፈር ዋልካ ነው ብለሽኛል፤ ዋልካ ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ጤና አዳምም ውሃ በተኛበት መሬት ሥሩ ይበሰብሳል። ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ፣ አፈሩን በአሸዋ ቀላቅለሽ ከፍ ያለ መደብ ላይ ሰክተሽ አዲስ አውጪ። አሮጌው ከተረፈ ተረፈ።

ጡረተኛ ነኝ። ከጣሪያ ያጠራቀምሁት 3 በርሜል ውሃ አረንጓዴ ሆነብኝ። ልድፋው?

ኧረ በፍጹም! የአንገረብ ግድብ ደለል እየዋጠው፣ ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ በሚጠብቅ ከተማ ውሃ ይደፋል እንዴ? አረንጓዴ ያደረገው ፀሐይ ነው። ለመጠጥና ለወጥ አይሁን እንጂ ለጓሮው መልካም ነው። በርሜሎቹን ጥላ ውስጥ ያስገቧቸውና አፋቸውን በስስ ጨርቅ ጥብቅ አድርገው ይሰሩ፤ አለዚያ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል።

የአዲስ አበባ ዘመዶቼን ሐምሌ ላይ ስሜን ተራሮች ወሰድኋቸው። ያዩት ጉም ብቻ ነው። እስከ አሁን ይስቁብኛል። መቼ ልጋብዛቸው?

ይሳቁ፤ ሐምሌ ላይ ስሜን መውሰድህ ያስቃል። እኔም አንድ ክረምት ሳንቃበር ላይ ቆሜ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ከጥቂት ርምጃ ርቀት ሰምቻቸው አንዱንም ሳላይ ተመልሻለሁ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውሰዳቸው፤ ሰማዩ ይከፈታል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ የጅንባር ፏፏቴም ጉልበቱን አልጨረሰም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ ጠባቂ ይዛችሁ ግቡ። ዋልያ ለማየት እስከ ጨነቅ መዝለቅ ይሻላል፤ ቦታው ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ለአዲስ አበባዎቹ ወፍራም ጋቢ አትርሳ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ደርሶ የመጣ ሰው ጠይቅ።

ሐምሌ ላይ የጎረቤቴ እናት አረፉ። እኔ በሥራ ምክንያት ሁመራ ነበርሁ፤ ስመለስ 40ው አልፏል። አሁን ሳያት ከሐፍረት የተነሳ መንገድ እቀይራለሁ። ምን ብዬ ልግባ?

በዚህ ክረምት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ነው። መንገድ መቀየርሽን እሷ አይታሻለች፤ ሰፈራችን ሰፊ አይደለም። ከመቅረትሽ ይልቅ የምትቀየምሽ በእሱ ነው።

በዚህ ቅዳሜ ሂጂ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ቡናና ስኳር ይዘሽ፣ ብቻሽን። በር ላይ ስለ ሁመራ፣ ስለ መኪና፣ ስለ አለቃሽ አትዘርዝሪ። «አልደረስሁልሽም፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» በይና ተቀመጪ። «የት ጠፍተሽ ነው?» ትልሽ ይሆናል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃታል። ከዚያ ስለ እናቷ ጠይቂያት፤ የመጨረሻው ሰሞን ምን ይሉ እንደነበር፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር።

አስቢው፤ በለቅሶው ሰሞን ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር፤ እሷ ግን እንግዳ ስታስተናግድ፣ ንፍሮ ደረሰ አልደረሰ ስትል እናቷን አውርታ አልጠገበችም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ እድርተኛው ተበትኖ፣ 40ው ካለፈ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። አንቺ የምትደርሺው በዚያ ጭርታ ላይ ነው። እኔ እናቴን ያጣሁ ጊዜ ከለቀስተኛው መካከል ፊታቸው ትዝ የሚለኝ ጥቂት ናቸው፤ በሦስተኛው ወር መጥተው ጀበናውን ራሳቸው የጣዱትን ሴትዮ ግን የቀሚሳቸውን ጥለት ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ለልጄ ምርቃት ድግስ ከእድር የተዋስነው ትልቁ ድስት ጆሮው ተነቀለ። እስካሁን አልመለስሁም። ዝም ብዬ ዕቃ ቤት ላስቀምጠው ይሆን?

መጀመሪያ ለዕቃ ቤት ኃላፊው ይንገሩ፤ ከዚያ ከፍለው ያስበይዱት። የወሩ ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው አንስቶት ከሚያፍሩ ይህ ይሻላል። በእኛ እድር ዕቃ ቤት ጆሮ የሌላቸው 3 ድስቶች ተደርድረዋል፤ ማን እንደመለሳቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁላችንም ግን አንድ ሰው እንጠረጥራለን።