ምርመራዬ ሁሉ «ነፃ» ይላል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና መምህርት ስሆን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከአንገቴ እስከ እግሬ ይቆረጥመኛል፤ የትንሿ ልጄ እቅፍ እንኳ ያመኛል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ እንዳልተኛ ሰው ደክሞኝ እነሣለሁ፤ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩም ቃል ይጠፋብኛል። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይለኛል፤ ሁለት ጊዜ የታይፎይድና የታይፈስ መድኃኒት ወስጃለሁ፤ የደም፣ የኩላሊትና የራጅ ምርመራው ግን ሁሉም ነፃ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆኖም «ምንም የለብሽም ተብለሻል እኮ» ሲለኝ መልስ አጣለሁ። ለቅሶ ስቀርም ሰው የጠላሁ ይመስላቸዋል። በቅርቡ አንድ ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ ነው ብሎ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ፤ መድኃኒት ቤት «የጭንቀት መድኃኒት ነው» ሲሉኝ ሳልጀምረው ቀረሁ። ሕመሙን የፈጠርኩት እኔው ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕመሙን እርስዎ አልፈጠሩትም። ብዙ ጣጣ ያመጣብዎት «ነፃ» የምትለው ቃል ናት። ማንኛውም ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ የደም ቆጠራው የደም ማነስ እንደሌለብዎ፣ ራጁ አጥንትና መገጣጠሚያዎ እንዳልተጎዳ ይናገራል እንጂ ሕመምን የሚለካ የደም ምርመራ የለም። በፋይብሮማያልጂያ የሚዛባው ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰውና የሚመጥነው የነርቭ ሥርዓት አሠራር ስለሆነ፣ ሌላው ሰው እንደ መነካት ብቻ የሚቆጥረውን የእርስዎ ነርቮች ሕመም አድርገው ያደርሱታል። የልጅዎ እቅፍ የሚያምዎም ለዚህ ነው።

ሐኪምዎ ይህን ስም የሰጡት ሌላ ቢያጡ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው መስፈርት ሐኪሙ በሰውነት ላይ 18 ቦታዎችን እየተጫነ ቢያንስ 11ዱ ማመማቸውን ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግን ቢያንስ ለ3 ወር የቆየ፣ በብዙ የሰውነት ክፍል የተሠራጨ ሕመም ከድካም፣ ከማያሳርፍ እንቅልፍና ከመርሳት ጋር መኖሩ ይታያል፤ ደብዳቤዎ ይህንኑ ይዘረዝራል። የታይሮይድ ሆርሞንና የቫይታሚን ዲ መጠን ካልታዩልዎ ግን ቢታዩ መልካም ነው። የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ፊት ላይ ሽፍታ ከመጣም ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳይቆዩ ይመለሱ። ስለ ታይፎይዱ ካነሣን፣ በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የተባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ባለፈ ሕመም ምክንያት እንኳ «አለ» ሊል ይችላል፤ ታይፎይድ ደግሞ ትኩሳት ያለው የሳምንታት በሽታ እንጂ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ቁርጥማት አይደለም።

አሚትሪፕቲሊን በእርግጥ ለድብርት የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ለድብርት ሲታዘዝ ግን መጠኑ ብዙ ጊዜ 75 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ለእንደርስዎ ዓይነቱ ሕመም የሚጀመረው ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ነው፤ ዓላማውም ሕመሙን ማለዘብና እንቅልፉን ማጥለቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፤ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የልብ ሕመም፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም እርግዝና ካለ ግን አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። በየጊዜው የሚወጉት የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) መርፌ ካለ ይተዉት፤ የሚያበርደው የሰውነት መቆጣት በሌለበት ጨጓራዎንና ኩላሊትዎን ብቻ ይጎዳል። እስካሁን ጠንካራ ማስረጃ የተገኘለት ሕክምና እንቅስቃሴ ነው፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ለቆ ፀሐይ ሲሞቅ በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጀምሩና በየሳምንቱ በጥቂቱ ይጨምሩ።

ወደ ባለቤትዎና ወደ ጎረቤት እንምጣ። በአገራችን እግሩ የተሰበረ ሰው ቤት በጠያቂ ይሞላል፤ ጄሶው ስለሚታይ ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም። የእርስዎ ሕመም ጄሶ የለውም፤ ይባስ ብሎ ቀን ይመርጣል። ቅዳሜ ቀለል ሲልዎ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ቁመት ይጋግራሉ፣ ልብሱንም ያጥባሉ፤ እሑድና ሰኞ ከአልጋ መነሣት ያቅትዎታል። ቅዳሜ ያየዎት ሰው «ስትፈልግማ ትሠራለች» ቢል በክፋት ብቻ አይመስለኝም፤ ያየው ቅዳሜን ነው። ስለዚህ ደህና በሆኑበት ቀን ያለዎትን ጉልበት አይጨርሱት፤ ሊጡን ከፍለው ግማሹን ቅዳሜ፣ ግማሹን ማክሰኞ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጋግሩ። ይህ የሕክምናው አካል ነው።

ለባለቤትዎ «አመመኝ» የሚለው ቃል ከሦስት ዓመት በኋላ ብዙ አይነግራቸውም። «ዛሬ ቆሜ መጋገር አልችልም፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አንተ አምጣቸው» ቢሏቸው ግን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ለቅሶም ቢሆን ቀብሩ ላይ መቆም ካልቻሉ በሠልስቱ ሄደው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ ከእድርተኞቹ መካከል ለሚያምኗት ለአንዲቷ ምክንያቱን አስቀድመው ይንገሯት፤ ለሌሎቹ እሷ ትናገርልዎታለች። ሁሉንም ማሳመን ግን አይጠበቅብዎትም፤ የማያምን ዘመድ ሁልጊዜም አይጠፋም። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም ማለቱ በራሱ ድብርት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሕይወት ካስጠላዎት ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ያስቀመጡትን መድኃኒት ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ይጀምሩት፤ ከአንድ ወር በኋላም ባለቤትዎን ይዘው ይመለሱ። «ነፃ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እርሳቸው ባሉበት እንዲያስረዱልዎ ሐኪሙን ይጠይቋቸው፤ ያን ውጤት የተረጎመው ሐኪም ቤት ነው፣ ማስተካከሉም የሐኪም ሥራ ነው።