ፊደል ለምታስቆጥሩ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎንደር ውስጥ መምህራንን በማሠልጠን ነው። ዘንድሮ ከኮሌጅ ወጥታችሁ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ለምትመደቡ አንድ ነገር አጥብቄ ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ ልጁ ሲሳሳት ስሕተቱን በደንብ ስሙት። ነገ ምን ማስተማር እንዳለባችሁ ከዚያ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

አዘዞ አካባቢ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ስታነብልን ደስ ብሎን ነበር። ጣቷን ሳይ ግን አፏ ሦስተኛው መስመር ደርሶ ጣቷ ገና አንደኛው ላይ ነው። ከመሀል አንድ ቃል አስቀርቼ ሌላውን በወረቀት ሸፈንኩና “ይህችስ?” አልኳት። ዝም አለች። ገጹን በቃሏ አጥንታው ኖሯል። እንዲህ ያለ ልጅ በየክፍሉ አለ፤ መምህሩ ተማሪውን ሁሉ በአንድ ድምፅ በሚያስብልበት ክፍል ውስጥ ማንም ሳያውቅበት ዓመቱን ይጨርሳል።

የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሀሁን ያስቆጥሩና፣ ልጁ ዜማውን ብቻ ይዞ እንዳይቀር በአቡጊዳ ቅደም ተከተሉን ያዘበራርቁበታል። ስንደዶ አስይዘውም ፊደሉን አንድ በአንድ ያስነኩታል፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍና እጅ አብረው ይሠራሉ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ሳሙኤል ኦርተንና መምህርቷ አና ጊሊንግሃም ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆች ያበጁት ዘዴም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ልጁ ድምፁን እያሰማ ፊደሉን በጣቱ ይጽፋል፤ ትምህርቱ ከቀላሉ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል፤ ያለፈው ሳይጸና አዲስ አይጨመርም።

ሥልጠና ላይ ልጁ በጣቱ እንዲጽፍበት አሸዋ የፈሰሰበት ትሪ ስታዩ ታዲያ ቁም ነገሩ አሸዋው አይምሰላችሁ። ጥናቶች አጥብቀው የሚደግፉት ፊደልንና ድምፅን በግልጽና በቅደም ተከተል ማስተማርን ነው። መዳሰሱ ለብቻው ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳየው ማስረጃ ከዚያ ይሳሳል። እኔ አሸዋውን የምወደው የልጁ እጅ ከየት እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚያመነታ ስለሚያሳየኝ ነው።

የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ሁሉን አሸምድዶ ከዚያ ወደ ቃል መሄድ የልጁን ዓመት ይበላል። “ላ”፣ “ም” እና “ማ” የሚሉትን ፊደሎች የለየ ልጅ ግን በዚያው ሳምንት “ላም” እና “ማማ” ብሎ ያነባል፤ ያነበበ ቀን ፊቱን እዩት። ለ እና ሰ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ቀን አታምጧቸው፤ አንዱ ይጽናና ሌላው ይከተል። ኃምሱ ከእግሩ ቀለበት አለው፤ ይህን የያዘ ልጅ ብዙውን በራሱ ይደርስበታል። ሳድሱ ላይ ጊዜ ስጡ። ቅርጹ ወጥ ሥርዓት የለውም፣ ድምፁም እንደዚያው፤ የ“ምሳ” ም እና የ“ላም” ም እኩል አይነበቡም። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ ምልክት የላቸውም። “ገና አልመጣም” እና “ገና ደረሰ” የሚሉትን ልጁ በጆሮው ካልለየ በዓይኑ አያገኛቸውም። መጀመሪያ በአፍ አስብሏቸው፣ በጭብጨባ አስለዩዋቸው፤ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ይሆናል ትሉኛላችሁ። ሌላው ሲጽፍ በቀን አምስት ልጅ ለየብቻ አስነብቡ፤ በየስሙ ትይዩ የሳተውን ፊደል ብቻ መዝግቡ።

ነገ አሠልጣኝ የምትሆኑም አላችሁ። የሠልጣኙን ጊዜ በንግግር አትፍጁት። የማያውቀውን ፊደል፣ ለምሳሌ የጆርጂያን፣ አቅርቡለትና ሰው ፊት አንብብ በሉት። ላብ ያጠመቀው መምህር ከዚያ በኋላ ልጅን “ሰነፍ” ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ሥልጠናው ሲያበቃም አትተዉት፤ ክፍሉ ገብቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ባልደረባ ያጣ መምህር ቶሎ ወደ ለመደው ይመለሳል።

በመጨረሻ፣ በክልላችን ግጭት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ ልጆች ይመጡላችኋል። ቁመታቸው የአምስተኛ ክፍል፣ ንባባቸው የአንደኛ ሊሆን ይችላል። ጓደኞቻቸው ፊት አታስነብቧቸው። ፊደሎቹን በቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፉና አዘበራርቃችሁ ለብቻቸው ጠይቋቸው። የት ላይ እንደቆሙ በመጀመሪያው ሳምንት ታውቃላችሁ፤ የክፍሉ መጽሐፍ የትም ይድረስ፣ እናንተ ከዚያ ጀምሩ።