የስፔን ቅኝ ግዛት የብር ሳንቲሞች፦ የሰብሳቢዎች ጥያቄና መልስ

ከሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ይገኛሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ሰብሳቢ የትኛውን ሳንቲም ይመክራሉ?

መልስ፦ ከ1772 ጀምሮ በሜክሲኮ ከተማ የታተመውን፣ የንጉሡ ምስል ያለበትን ባለ 8 ሬያል (ሬያል የስፔን የገንዘብ መለኪያ ነበር) እመክራለሁ። በብዛት የታተመ በመሆኑ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ ጽሑፉም ለማንበብ አያስቸግርም። ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ በ1788 ሲሞቱ የአዲሱ ንጉሥ ምስል ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ የሳንቲም ማተሚያ ቤቶቹ ስሙን ወደ ካርሎስ 4ኛ ቀይረው የሟቹን መልክ ማተም ቀጥለው ነበር። የ1789ን ወይም የ1790ን ሳንቲም ካገኙ ስሙንና ፊቱን ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ከእኛ ጠገራ ብር ጋር ሲነጻጸር የትኛው ይበልጣል?

መልስ፦ በክብደት ጠገራ ብር ይበልጣል፤ በንጹሕ ብር ግን ባለ 8 ሬያሉ። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ሲመዝን ጥራቱ ከሺህ 833 ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ባለ 8 ሬያሉ 27.07 ግራም ቢሆንም በ1772 ጥራቱ ከሺህ 903 ገደማ ስለነበር 24.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይዟል፤ የስፔን ዘውድ በ1786 ይህንኑ ጥራት በምሥጢር ወደ 896 ገደማ አወረደው። ጠገራ ብር በቀይ ባሕር ዳርቻ ገበያውን ከመቆጣጠሩ በፊት በየመኗ የሞካ ወደብ የቡና ንግድ የስፔን ብርም ይሠራበት ነበር።

ጥያቄ፦ የጥንቶቹ ሳንቲሞች ቅርጻቸው ለምን የተዛባ ሆነ?

መልስ፦ ማኩኪና የሚባሉት እነዚህ ሳንቲሞች በእጅ የተመቱ ናቸው። ሠራተኛው ብሩን ቆርጦ ክብደቱ ልክ እስኪመጣ ድረስ ጠርዙን ይከረክመዋል፤ ከዚያም በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል አድርጎ በመዶሻ ይመታዋል። ሕጉ አጥብቆ የሚጠይቀው ክብደቱንና ጥራቱን እንጂ ክብነቱን አልነበረም። ሜክሲኮ በ1732 በመጫኛ መሣሪያ ማተም ስትጀምር ክብ የሆነው፣ በሁለት ዓምዶች መካከል ሁለት ሉሎችን የሚያሳየው ሳንቲም ወጣ። በእኔ ግምት በአሜሪካ ምድር ከታተሙት ሁሉ እጅግ ውብ እርሱ ነው። ጠርዙም ስለተቀረጸ ብሩን እየፋቁ መስረቅ አስቸጋሪ ሆነ።

ጥያቄ፦ በሳንቲሙ ላይ ያሉት ትንንሽ ፊደላት ምን ይነግሩናል?

መልስ፦ አንደኛው ምልክት የማተሚያ ቤቱ ነው፤ ሜክሲኮ በኤም ፊደል አናት ላይ በተቀመጠች ትንሽ ኦ ትታወቃለች። ሌላው የብሩን ጥራት የመረመረው ሹም ፊደል ነው፤ ብሩ ቢጎድል ተጠያቂው እርሱ ነውና።

ይህ ተጠያቂነት ምን ያህል ከባድ እንደነበር የፖቶሲ ታሪክ ያሳያል። ዛሬ በቦሊቪያ በምትገኘው በዚህች ከተማ የብር ተራራው በ1545 ተገኘ፤ ማተሚያ ቤቱም በምክትለ ንጉሥ ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ ዘመን፣ በ1570ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ። ማዕድኑን በባዜቃ የማጣራት ዘዴ በዚያው ዘመን ሲስፋፋ ምርቱ እጅግ አደገ፤ ጉልበቱ ግን ሚታ በሚባለው ሥርዓት በግዳጅ ከተወሰዱ የአካባቢው ተወላጆች የመጣ ነበር፤ ብዙዎቹም በዚያ አለቁ። በ1640ዎቹ የፖቶሲ ሳንቲም ብር እንደጎደለው አውሮፓ ውስጥ ተደረሰበትና ዘውዱ ፍራንሲስኮ ደ ኔስታሬስ ማሪንን ለምርመራ ላከ። የብር ነጋዴው ፍራንሲስኮ ጎሜዝ ደ ላ ሮቻና የጥራት መርማሪው ፌሊፔ ራሚሬዝ ደ አሬያኖ በሞት ተቀጡ፤ የተበላሹት ሳንቲሞች ዋጋቸው ተቀነሰ፣ ብዙዎቹም በትንሽ ማኅተም እንደገና ተመቱ። በ1652 የወጣው አዲስ ቅርጽ ዓምዶችንና የባሕር ሞገድን ያሳያል፤ የመርማሪው ፊደልና ዓመተ ምሕረቱም በአንድ ሳንቲም ላይ ደጋግመው ይገኛሉ፤ አንዱ ቢከረከም ሌላው ይተርፋል። በዚያ ዘመን የፖቶሲ ሳንቲም ላይ የኢ ፊደል ካዩ የአንቶኒዮ ደ ኤርጌታ ነው።

ጥያቄ፦ በሳንቲሜ ላይ የቻይንኛ ምልክቶች ተመትተውበታል፤ ዋጋውን ይቀንሱታል?

መልስ፦ ንጹሕ ሳንቲም ብቻ ለሚፈልግ ገዢ አዎን። ምልክቶቹ ግን የቻይና ነጋዴዎች ብሩን መርምረው መቀበላቸውን የሚያረጋግጡ ናቸው፤ እነዚህን ለይተው የሚሰበስቡም አሉ።

ጥያቄ፦ ሐሰተኛውን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ በመጀመሪያ በትክክለኛ ሚዛን ይመዝኑት። ቀጥሎ ጠርዙን በማጉያ መነጽር ይመርምሩ። የንጉሡ ምስል ባለበት ባለ 8 ሬያል ጠርዝ ላይ ክቦችና አራት ማዕዘኖች እየተፈራረቁ ይዞራሉ፤ ጠርዙ በሁለት ብረቶች መካከል እየተንከባለለ ስለተቀረጸም ቅርጾቹ በሁለት ተቃራኒ ቦታዎች ተደራርበው ወይም ተዛብተው ይታያሉ። በምትኩ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የስፌት መስመር ካዩ ሳንቲሙ በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራ ነውና አይግዙት።

ጥያቄ፦ የጠቆረውን ላጽዳው?

መልስ፦ አያጽዱት፤ ከተፋቀ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከሰመጡ መርከቦች የወጡትን መግዛት ይቻላል?

መልስ፦ ሕጋዊ ሰነድ ካላቸው ይቻላል። በ1804 ከሰመጠችው የስፔን መርከብ መርሴዴስ በ2007 ወደ 600,000 የሚጠጋ ሳንቲም ቢወጣም፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ሀብቱ በ2012 ለስፔን ተመልሷል። ስለዚህ ሻጩ የመርከቧን ስምና ሳንቲሙ የወጣበትን ሕጋዊ መንገድ በጽሑፍ ካላሳየ ገንዘብዎን አይክፈሉ።