አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኽምጣኛ፦ ማን የማን ዘመድ ነው? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ወሎዬዎች። ደሴ ነው ያደግኩት፣ የተማርኩትም የቋንቋ ጥናት ነው። ስለ ቋንቋዎቻችን ዝምድና ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

መምህር፣ አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው አይደል?

የወንድሙ ልጅ ብትለው ይሻላል። ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ወገን ነው። አማርኛ ደግሞ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከስልጥኛ ጋር በደቡቡ ወገን ይመደባል። ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው አመዳደብም ይሄንኑ ይላል። አማርኛ ከግዕዝ የወሰደው ቃል ብዙ ነው፣ ፊደሉንም ከዚያው አገኘ። ግን ፊደልና ቃል ከጎረቤትም ይገኛል፤ እናትነት በዚያ አይለካም።

ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ አፋሩና ኦሮሞው ሲገበያዩ አያለሁ። ቋንቋቸው አንድ ቤተሰብ ነው ይባላል፣ ታዲያ ለምን አይግባቡም?

ዘመድ ሁሉ አይግባባም ወንድሜ። ሁለቱም የምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፣ የተለያዩት ግን በጣም ድሮ ነው። እስቲ «ስም» የሚለውን ቃል ብቻ እንይ። ኦሮምኛ «መቃ» ይላል፣ አፋርኛ «ሚጋዕ»፣ ሶማልኛ «መጋዕ»። ወደ ሴም ቤት ስትመጣ አማርኛና ትግርኛ «ስም»፣ ዐረብኛ «ኢስም»፣ ዕብራይስጥ «ሼም»። ሁለቱ ቤቶች ለየብቻ ቆመው ይታዩሃል። ባለሙያ ግን በአንድ ቃል አይፈርድም፤ ብዙ ቃል አሰልፎ ድምፁ በሥርዓት መለዋወጡን ያያል።

እና አፋርኛና አማርኛ ምንም አይገናኙም ማለት ነው?

ይገናኛሉ እንጂ! ይሄን ጥያቄ ነው የወደድኩት። ሴም፣ ኩሽ፣ ኦሞ፣ ቻድ (ሐውሳ እዚህ ነው)፣ በርበርና ጥንታዊው ግብጽኛ አንድ ላይ አፍሮ እስያዊ ይባላሉ፤ ስሙን ያስፋፋው ጆሴፍ ግሪንበርግ ነው። አሁን አንድ አፋር «መጣ» ሲል ስማው። ለወንድ «ዬሜቴ»፣ ለሴት «ቴሜቴ»። አንተ ደግሞ «ይመጣል»፣ «ትመጣለች» ትላለህ። ዐረቡም ግሱን በ«የ» እና በ«ተ» እየጀመረ ወንድና ሴትን ይለያል። ይህ ከፊት የሚገባ የ እና ተ የገበያ ብድር አይደለም፣ በሺህ የሚቆጠር ዓመት የተሻገረ የጋራ ቅርስ ነው። ኦሮምኛ «ተ»ዋን ወደ ኋላ አዙሯታል፦ እሱ «ዱፌ»፣ እሷ «ዱፍቴ»። ነገር ግን «ሜቴ» እና «መጣ» መመሳሰላቸው እንዳያታልልህ። የእኛ «መጣ» በግዕዝ «መጽአ» ነው፤ ያ ጸ ከአፋሩ ተ ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለው ወጥመድ ብዙ ሰው ጥሏል።

አፋር ጓደኛዬ «ጤፍ» ሲል «ቴፍ» ይመስላል። ለምን?

አፋርኛ ውስጥ ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሉም። ኦሮምኛ ግን አሉት፣ ለዚያ ነው ኦሮሞው ጎረቤትህ የማይቸገረው።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ከኦሮምኛ ተምሮ ነው?

ከኩሽ ቋንቋዎች ነው የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ከየትኛው ኩሽ ሲባል ግን እኔ ጣቴን የምቀስረው ወደ ሰቆጣ፣ ወደ አገው ቋንቋዎች ነው። ግሱን ለጊዜው ተወውና የስሞችን ቅደም ተከተል እይ፦ ግዕዝ «ቤተ መጻሕፍት» ይላል፣ ቤቱ ይቀድማል። ኦሮምኛም «መነ ኪታባ» ብሎ ቤቱን ያስቀድማል። አማርኛ ግን በራሱ መንገድ ሲሄድ «የመጻሕፍት ቤት» ነው የሚለው፣ ባለቤቱ ፊት፣ ቤቱ ኋላ። ከኩሽ ወገን የሆኑት የአገው ቋንቋዎችም እንደዚያው ናቸው፤ የዋግ ኽምጣኛ፣ አዊኛም ጭምር። ላስታና ዋግ የአገው አገር እንደነበሩ ስታስብ ነገሩ ይገጥምልሃል።

ሴማዊ ቋንቋ ስለምንናገር ዘራችን ከዐረብ ነው የሚሉ አሉ።

አይ፣ አይ። ሴም፣ ኩሽ የሚለው የቋንቋ መደብ ነው፣ ደም አይደለም። ወሎ ላይ ይሄን ማስረዳት ቀላል ነበር፦ ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ። «ወረ» በኦሮምኛ የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። እነዚህ አገሮች ዛሬ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ሰው እዚያው ተቀምጦ ቋንቋው ይለወጣል። ይሄን የማይሰማ ሰው ሲገጥመኝ ከልቤ አዝናለሁ፣ በዚህ የተነሳ ስንቱ ተጣልቷል።

ወላይትኛስ ኩሽ ነው?

ድሮ ምዕራብ ኩሽ ይባል ነበር። ሃሮልድ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሞአዊ ብሎ ለየው። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም።

አያቴ የሾንኬ ሰው ናት። አርጎብኛ የተበላሸ አማርኛ ነው ሲሉኝ ያመኛል።

አብሽሪ እህቴ፣ ውሸት ነው። አርጎብኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፣ የአማርኛ የቅርብ ወንድም። እንዲያውም ሰፈርሽ ሾንኬና ጦለሃ አጥኚዎች የሚጓጉላቸው ቦታዎች ናቸው፤ በሌላ ቦታ ብዙው አርጎባ ወደ አማርኛና ኦሮምኛ ሲዞር እነሱ ይዘውታል። እኛ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን በፊደል ብቻ ነው የምንለያቸው፣ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍቷል፦ ግዕዝ «አሐዱ»፣ ትግርኛ «ሓደ»፣ እኛ «አንድ»። አያትሽ ቤት ስትሄጂ ከአንድ እስከ አስር አስቆጥሪያትና በስልክሽ ቅጂልኝ። መጀመሪያዋ ቃል ላይ የሀ ድምፅ አለ ወይስ የለም? እሱን ንገሪኝ።